በሩን ያልከፈተችው ሴት

ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ሰው ሁሉ «አዘጋጇ» ነበር የሚላት። ሃያ ዓመት ሙሉ የዘፈን ፕሮግራም ስታዘጋጅ የኖረች፣ ሰው ሲያወራት ከፊቱ ይልቅ ድምፁን የምታይ ሴት ናት። በዚያ ክረምት ስለ ሙታን ዘፈኖች፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚተላለፍ ባለ ሦስት ክፍል ፕሮግራም ጀመረች። አለቃዋ መጀመሪያ ላይ ሳቀባት። «ሕዝቡ በኑሮው ፈርቶ ያደረው አይበቃውም? አንቺ ደግሞ በመንፈስ ታስፈራሪዋለሽ?» አላት። የመጀመሪያው ክፍል በተላለፈ ማግስት ግን የጣቢያው ስልክ አላስቀምጥ አለ።

በዚያ ክፍል የነገረቻቸው ዘፈኖቹ ከየት እንደመጡ ነበር። ወንዝ ዳር የሚያጥቡ ሴቶች፣ ልጆቻቸው ወደ ጥልቁ እንዳይጠጉ፣ ውሃ ስለወሰደው ሰው ይዘፍኑ ነበር። የጭነት መኪና ሹፌሮች መንገድ ላይ ተሳፍሮ መሃል ላይ ስለሚጠፋ መንገደኛ ይዘፍናሉ፤ የፈራ ሰው አያንቀላፋማ! ድንጋይ ፈላጮች ደግሞ ቋጥኝ የተጫናቸውን ጓደኞቻቸውን እየጠሩ ይዘፍናሉ፤ ከእነሱ በቀር የሚጠራቸው ስላልነበረ። በሁለተኛው ክፍል ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለምን እንደሚወድ አድማጮችን ጠየቀች። ጡረታ የወጣ ሹፌር ደወለና «ልጄ፣ ሞቶ የቀረ ሰው ያስለቅሳል። ሞቶ የሚመጣ ግን ቢያስፈራም ያጽናናል። መጣ አይደል?» አላት። ይህን የሰማ ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ሲደጋግመው ሰነበተ።

ለሦስተኛው ክፍል ያስቀረችው ትልቁን ነበር፤ «ክፈቺልኝ»ን። በከተማው ይህን ዘፈን የማያውቅ ቢኖር ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነው። ያወጣው፣ ሰው «ጉሮሮ» እያለ የሚጠራው ዘፋኝ ነው፤ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት። ታሪኩ አጭር ነው። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ወንዙ በሞላበት ቀን፣ ከተዳረችበት ከእህል ነጋዴው ቤት ጠፍታ፣ ድልድዩን ተሻግራ ወደ አባቷ ቤት ትሮጣለች። አባትየው የለም። የእንጀራ እናቷ ግን ከውስጥ አለች። ልጅቷ ታንኳኳለች፣ ትጮኻለች፤ ሴትየዋ አትከፍትም። ከዚያ ወዲያ ልጅቷን ያያት የለም። በማግስቱ ሻሿ ከድልድዩ በታች ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ዘፈኑ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ተመልሳ ታንኳኳለች ይላል፦

ክፈቺልኝ በሩን ጎርፉ ደረሰብኝ፣
እናቴ ብትኖር ማን በር ይዘጋብኝ።

ዝናብ ሲያንኳኳ ዝናብ አይምሰልሽ፣
እኔ ነኝ በጣቴ የምቆረቁርሽ።

ባዶ እግሬን ቆሜ ደጅሽን ስጠና፣
ውሃ ቀደመሽ እጄን ያዘኝና።

ተረት ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ነገር ግን ልጅቷ ነበረች፤ ጎርፉም ነበረ፤ ሴትየዋም እስከ ዛሬ በዚያው ቤት፣ ከዚያው በር ኋላ አለች። እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ ጠፍቶ ከተማው «ድርግም» ይላታል፤ በሩን ድርግም አድርጋ ዘጋችባት ለማለት።

አዘጋጇም ልጅ ሳለች፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዝናብ ከጣለ፣ ከጓደኞቿ ጋር ወደዚያ ቤት ትሄድ ነበር። በሩን ይደበድባሉ፣ ከዘፈኑ አንድ ሁለት ስንኝ ይላሉ፣ መቀርቀሪያው ሲንቋቋ እግሬ አውጪኝ! ያ ፍርሃት እንዴት ይጣፍጥ እንደነበር ትልቅ ሰው ሆናም አልረሳችውም።

«በሩ አሁንም አለ አሉ» አላት አለቃዋ። «ያው የራሱ በር! በዝናብ! ሂጂና ድምፁን ቅረጪልኝ፤ የአድማጩ ፀጉር ይቆማል።»

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሄደች። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። መቅረጫውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ማይክሮፎኑን በላስቲክ ሸፍና ጫፉን ብቻ አወጣችው። ሦስት ጊዜ አንኳኩታ፣ ከተከፈተ ማንነቷን ልትናገር ነበር ሐሳቧ። እውነቱን ለመናገር ግን እግሯ ለሩጫ ተዘጋጅቶ ነበር።

ወፍራም የጣውላ በር ነው። አረንጓዴ ቀለሙ ከላይ ደህና ነው፤ ከወገብ በታች ግን በድንጋይ ተቦርቡሮ እንጨቱ ይታያል። አንኳኳች። ሁለተኛውን ስትደግም መቀርቀሪያው ተንቋቋ፤ ሦስተኛው ሳይደርስ በሩ ተከፈተ። ሰው ከኋላው ቆሞ ሲጠብቅ የነበረ ነው የሚመስለው።

ሰባ ዓመት የሚሆናት አጭር ሴት ናት። የመነጽሯ አንድ ክንፍ በክር ታስሯል፤ ደረቷ ላይ ትልቅ የጆንያ መርፌ ተሰክቷል። አዘጋጇን አፍጥጣ አየቻት፣ ከእሷ አልፋ መንገዱን አየች፣ ከዚያ ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ረገበ።

«ግቢ፣ ዝናብ ነው» አለች።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀደዱ የእህል ጆንያዎች ተቆልለዋል። ሴትየዋ የምትተዳደረው ጆንያ በመጥቀም ነው፤ እሷ ዘንድ ልብስ የሚያሰፋ ስለሌለ። ከአልጋዋ ራስጌ፣ መደርደሪያ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ተቀምጣለች።

«ድምፅሽን አውቀዋለሁ። የሐሙሷ ነሽ» አለች አንድ ቃል እንደሰማች።

የአዘጋጇ ፊት እሳት ሆነ። «ይቅርታ እትዬ፣ የመጣሁት...»

«ስለ ዘፈኑ ነው። ሌላ ሰው ስለ ምን ብሎ ይመጣል እዚህ? ተቀመጪ። የድንጋይ ፈላጮቹን ወድጄዋለሁ። በዚህ ሐሙስ የእኔ ተራ ነው ማለት ነው።»

«ከፈቀዱ እርስዎ ራስዎ ቢናገሩት...»

«ለፖሊስ ተናግሬያለሁ ያኔ። አንኳኳች፣ ሰማሁ፣ አልከፈትኩም። አለቀ።»

የአዘጋጇ ጆሮ ነቃ። ድምፁ ጠፍጣፋ ነበር፤ ሺህ ጊዜ ተደግሞ ያለቀ ነገር ድምፅ። ሰው የሠራውን በደል ሲናገር ወይ ይፋጠናል ወይ ይዘገያል፤ ይህ ግን ሁለቱንም አይደለም። ሌላ ጥያቄ ጠፍቷት፣ የዘፈኑን ግጥም የጻፈችበትን ወረቀት አወጣችና ቃሉ ትክክል መሆኑን ለማጣራት ያህል ማንበብ ጀመረች። ሴትየዋ መርፌዋን ነቅላ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ሦስተኛው ላይ፣ «ባዶ እግሬን ቆሜ» የሚለው ጋ ስትደርስ፣ ሴትየዋ ከጆንያው ቀና ሳትል፦

«ባዶ እግሯንስ አልነበረችም። ጫማ ነበራት» አለች።

መርፌው ቆመ። 

«እንዴት አወቁ?» አለች አዘጋጇ ቀስ ብላ። «በሩ ካልተከፈተ?»

ሴትየዋ ተነስታ በሩን ከፈተችው። «ዝናቡ አባርቷል፤ ሂጂ።»

ዝናቡ ጨርሶ አላባራም ነበር።

መንገድ ላይ ስትደርስ ነው አዘጋጇ ቦርሳዋን ያየችው። የመቅረጫው ቀይ መብራት በርቷል። ከገባች እስክትወጣ በርቶ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት የድምፅ ማስተካከያ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቁጭ ብላ ሦስት ጊዜ ሰማችው። በአራተኛው አለቃዋ ከኋላዋ ቆሞ ነበር።

«ምን አለች? መልሺው! ... አየሽ? ከፍታ አይታታለች! ገፍትራት ቢሆንስ? ሠላሳ ስምንት ዓመት የተቀበረ ጉድ በእኛ ጣቢያ ሊወጣ ነው!»

«ሳላስፈቅዳት ነው የቀረጽኳት። አይተላለፍም።»

«እሺ።»

«ቃልህን ስጠኝ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ!»

እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል። የዚህ ሰውዬ እሺ ግን አንድም አያወጣም፤ ይህን ሃያ ዓመት አብራው ሠርታ ማወቅ ነበረባት።

ረቡዕ ዕለት ወደ ጉሮሮ ሄደች። ዘፋኙ ሽማግሌ ሆኗል፤ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ፣ ትኩስ ውሃ በማር እየጠጣ ነው የተቀበላት።

«ጋሼ፣ ዘፈኑን ከየት አመጡት?»

«ዜማው የእኔ አይደለም። የአጣቢዎች ነው፤ የእናቴ እናት ስታጥብ ትለው ነበር። ታሪኩ ደግሞ የሴትየዋ የራሷ ነው። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ከሰዉ ጋር ቆሜ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ማንም አልመታትም፣ ማንም አላስገደዳትም፤ 'ሰማሁ፣ አልከፈትኩም' አለች። ባሏ እስኪሞት ድረስ ከእጇ ውሃ አልጠጣም። እኔ የጨመርኩት ዝናቡን ብቻ ነው።»

«ባዶ እግሯንስ?»

«እ?» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱ ለግጥሙ ነው። ያምራል።»

«አስከሬኗ ተገኝቶ ነበር?»

«አልተገኘም። አስከሬን ቢገኝማ ልቅሶ ይሆናል እንጂ ዘፈን አይሆንም።» ብርጭቆውን አስቀመጠና ትክ ብሎ አያት። «ልጄ፣ ይህን ነገር አትነካኪው። ሰዉ ዘፈኑን ለምን እንደሚወደው ታውቂያለሽ? ሲሰማው 'እኔ ብሆን እከፍት ነበር' ይላል። ሁሉም እንደዚያ ይላል። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ደግ ሰው ሆኖ ይቀመጣል። እሱን ልትቀሚው ነው?»

ያን ጊዜ ከጎረቤት ሱቅ የሬዲዮ ድምፅ መጣ። ዝናብ። ከዚያ በር ሲንኳኳ፤ የራሷ ማንኳኳት። ከዚያ ያ ያረጀ ድምፅ፦ «ጫማ ነበራት።» ቀጥሎ አለቃዋ፣ ድምፁን አወፍሮ፦ «በሩን አልከፈትኩም ያለችው ሴት ጫማውን እንዴት አየች? ነገ ከሰዓት በኋላ...»

አዘጋጇ ቦርሳዋን እንኳ ሳትዘጋ ወጣች።

ወንዝ ዳሩ ሰፈር ስትደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ከበሩ ፊት ሃምሳ ስልሳ ሰው ተሰብስቧል። የተወሰነው ለማየት የመጣ ነው፤ የተወሰነው ምሳ ሰዓቱ ላይ ሥራ ትቶ፤ የቀረው ደግሞ ሰው ስላየ። አንዲት ባለ ጃንጥላ ሴትዮ ዘፈኑን ታወጣለች፣ ሌሎች ይቀበሏታል። ሦስት ጎረምሶች በሩን በቡጢ ይደበድባሉ። «ውጪ! የት ጣልሻት? ተናገሪ!» የመስኮቱ መስታወት ረግፏል። ሁለት ፖሊሶች ማዶ ካለው ሱቅ በረንዳ ሥር ዝናብ ተጠልለው፣ እንደ ተመልካች ቆመዋል።

በክርኗ እየገፋች አለፈች። አንድ ሰውዬ አወቃትና ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «የሬዲዮዋ! ጎበዝ! አወጣሻት!» እጁን ከትከሻዋ አሽቀንጥራ አለፈች።

በሩ ላይ ደረሰችና ግንባሯን አስጠግታ ጮኸች። «እትዬ! እኔ ነኝ፣ የሐሙሷ! ክፈቺልኝ!»

በድንጋጤ አንቱታውን ረስታዋለች፤ ቃሉም ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት። ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። በሩ ግን በመዳፍ ስፋት ተከፈተና አንድ አጥንታም እጅ ኮሌታዋን ይዞ ወደ ውስጥ ሳባት። መቀርቀሪያው ከኋላዋ ወደቀ።

ሴትየዋ ከመስኮቱ ርቃ፣ ሁለት የጆንያ ክምር መሃል፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። አዘጋጇ አጠገቧ ተንበረከከች። በሩ በተመታ ቁጥር ከጣሪያው አቧራ ይራገፋል።

«እኔ ነኝ ያመጣሁብዎት። ያን ቀን መቅረጫው በርቶ ነበር። አልነገርኩዎትም።»

«ሌባ» አለች ሴትየዋ፤ ድምፅዋን ሳትጨምር።

«ሌባ ነኝ። ሌላም አለ። ልጅ ሆኜ ይህን በር እየደበደብኩ እሮጥ ነበር።»

ሴትየዋ ዘወር አለች። «ስንት ጊዜ?»

«ምን?»

«ስንት ጊዜ አንኳኳሽ ነው የምልሽ።»

«እኔ እንጃ... ስምንት፣ ዘጠኝ ጊዜ።»

«ለዘጠኙም ተነስቻለሁ። ልትይዘን ነው ብላችሁ ትሮጡ ነበር አይደል? እኔ እኮ ምናልባት እሷ ትሆን ብዬ ነው።»

አዘጋጇ ምን እንደሰማች ወዲያው አልገባትም። ከውጭ አንድ ድንጋይ በመስኮቱ ገብቶ ጆንያ ላይ ጠብ አለ።

«ከፍቼላታለሁ» አለች ሴትየዋ። «በሁለተኛው ምት ከፍቼላታለሁ። ጉንጯ ላይ የነጋዴው አምስት ጣት ነበር። አባቷ ከወንዶቹ ጋር ወንዙ ዳር ጎርፉን ለማገድ አሸዋ ይቆልላል። ሲመለስ እጇን ይዞ ለነጋዴው እንደሚመልሳት አውቃለሁ፤ ሰጥቻለሁ ካለ ሰጥቷል፤ ቃሉ ከልጁ ይበልጥበታል። ካፖርቴን ደረብኩላት፣ ጫማ አደረግኩላት፣ በጓሮ አውጥቼ ሽቅብ ወደ አውራ ጎዳናው ወሰድኳት። እንጨት የጫነ መኪና ቆሞ ነበር። ሹፌሩን አላውቀውም። ፊቱን አየሁት፣ ደህና ሰው ይመስላል አልኩ፣ አሳፈርኳት። ሻሿን ወንዙ ውስጥ የጣልኩት እኔ ነኝ፤ እንዳይፈልጓት።»

«ታዲያ አልከፈትኩም ማለት ለምን አስፈለገ?»

«ጎረቤቱ ማንኳኳቷን ሰምቷላ! አልመጣችም ብል ማን ያምነኛል? ከፈትኩ ብል የት አለች ይሉኛል። የቀረችኝ ውሸት ያቺው አንዷ ብቻ ነበረች።»

«ባለቤትዎ ከሞቱ ስንት ዓመታቸው! ከዚያ በኋላ ማንን ፈርተው ነው?»

በሩ ሲደበደብ የመቀርቀሪያው ምስማር ትንሽ ትንሽ እየወጣ ነበር፤ ሁለቱም እያዩት ነው።

«ደብዳቤ የለ፣ ቃል የለ» አለች በመጨረሻ። «የማላውቀው ሰው ላይ ጭኜ ሰደድኳት። ትድረስ አትድረስ አላውቅም። እውነቱን ብናገርና 'የት አለች?' ቢሉኝ ምን እላለሁ? ሰው ሁሉ ባለመክፈቴ ሞተች ይላል። ከፍቼ ገድያት ከሆነስ? እሱን ከማወቅ ድርግም ብባል ይሻለኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው የኖርኩት።»

የአዘጋጇ ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነው። ድምፁ ተለውጧል።

«ስሚ፣ አንዲት ሴት መስመር ላይ አለች። ልጅቷ እኔ ነኝ ትላለች። ከእሷ በፊት ሁለት አስመሳዮች ደውለው ዘግቼባቸዋለሁ፤ እነሱ ያለቅሱ ነበር። ይቺ ግን ትሳደባለች። 'ሴትየዋን ልቀቋት፣ እናንተ ውሾች' ትለኛለች። ምን ላድርግ?»

«አገናኘኝ!» አለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን በመሃላቸው ያዘችው።

«ማነው?» አለ ከወዲያ በኩል የሴት ድምፅ፤ ቁጡና የደከመ።

«ፕሮግራሙን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ከእሷ ጋር ቤቷ ውስጥ ነኝ። ልጅቷ እርስዎ ከሆኑ፣ ያን ቀን ምን ዓይነት ጫማ ነበር ያደረጉት?»

አሮጊቷ አንድ ቃል እንዳትናገር አፏን በመዳፏ ዘግታለች። ውጭ ይዘፍናሉ።

«የወንድ ጫማ» አለ ድምፁ። «ጥቁር። የአባቴ። በጣም ስለሰፋኝ ጫፉ ውስጥ ጨርቅ ወተፈችበት። የግራው ማሰሪያ አልነበረውም፤ በሲባጎ አሰረችልኝ። ስታስርልኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሁለት ጊዜ ፈታ አሰረችው።»

አሮጊቷ አላለቀሰችም። ስልኩን በሁለት እጇ ነጠቀችና ገልብጣ ይዛ ጮኸችበት።

«አንቺ! ደርሰሻል?»

«ደርሻለሁ፣ እትዬ።»

«ደርሰሻል ወይ ነው የምልሽ!»

«ደርሻለሁ። ያን ዕለት ማታ ደርሻለሁ።»

ከመቀርቀሪያው አንዱ ምስማር ወልቆ መሬት ላይ ተንከባለለ። አዘጋጇ ስልኩን ተቀበለች። «አሁኑኑ አየር ላይ አውጣት» አለችው አለቃዋን። «ነገ አይደለም፣ አሁን! በሩ ሊሰበር ነው። ካላወጣሃት ወጥቼ ስምህን እየጠራሁ ያደረግከውን ለዚህ ሁሉ ሕዝብ እናገራለሁ።»

ፈርቶ ይሁን ነገሩ ጥሞት፣ አወጣት። ማዶ ያለው ሱቅ ሬዲዮውን ከረፋዱ ጀምሮ ለሕዝቡ ከፍ አድርጎ ከፍቶት ነበር። በተሰበረው መስኮት በኩል አዘጋጇ የሰዉን ጀርባ አየች፤ መጀመሪያ ከሱቁ አጠገብ ያሉት ዞሩ፣ ከዚያ የመሃሎቹ። ዘፈኑ ስንኙ ሳያልቅ ተቆረጠ። በሩን የሚደበድቡት ጎረምሶች መጨረሻ ነው የሰሙት፤ አንዱ ቡጢውን እንዳነሳ ቀረ። የደወለችው ሴት ድምፅ ዝናቡን እየቀደደ፣ ማን እንደመታት፣ ማን እንደከፈተላት፣ ማን እንዳሳፈራት አንድ በአንድ ነገራቸው። ከዚያም «አሁን ከእናቴ ደጅ ሂዱልኝ» አለች። የእንጀራ እናቴ አላለችም።

ሰዉ አንዱ የአንዱን ዓይን እየሸሸ ተበተነ። ባለ ጃንጥላዋ ሴትዮ ግን ጥቂት ቆማ፣ ከእጇ ነገር እንደተወሰደባት ሁሉ፣ «ታዲያ አልሞተችም እንዴ?» አለች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልጅቷ በአውቶቡስ መጣች። ልጅቷ እንበላት እንጂ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ሩቅ ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ኃላፊ ናት። አዘጋጇ ከአውቶቡስ ጣቢያው ተቀብላ አመጣቻት፤ በዚያ ቀን መቅረጫ አልያዘችም። ሲገቡ አሮጊቷ ጀርባዋን ሰጥታ ጆንያ ትጠቅማለች። ዞራም አላየች።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት!» አለች ለግድግዳው። «አንዲት ቃል! ሰው በሰው እንኳ 'አለሁ' አይባልም?»

እንግዳዋ በር ላይ እንደቆመች ቀረች። «ፈራሁ። መጀመሪያ እንዳያገኙኝ ፈራሁ። ዘፈኑ ሲወጣ ደግሞ ሞታለች ተባለ፤ የሞተ ማን ይፈልጋል? አረፍኩበት፣ እትዬ። እውነቴን ነው፣ አረፍኩበት። በኋላ አንቺ በእኔ የተነሳ ምን እንደምትባዪ ስሰማ አፈርኩ። ዓመት በጨመረ ቁጥር መምጣቱ እየከበደኝ ሄደ።»

«አፈርሽ!» መርፌው እልህ ባለበት ፍጥነት ይመላለሳል። «እኔ እዚህ በድንጋይ ስቀጠቀጥ አንቺ እዚያ ታፍሪያለሽ! ... ካፖርቴስ?»

«እ?»

«ካፖርቴ የት አለ? ደህና ካፖርት ነበር።»

«አረጀ። ለመጀመሪያ ልጄ ማቀፊያ ቀደድኩት።»

መርፌው ቆመ። «ልጅ አለሽ?»

«ሦስት።»

አሮጊቷ ያን ጊዜ ዞረች። አዘጋጇ ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባሉ አልሰማችም፤ ወጥታ በረንዳው ላይ ቆመች፤ እዚያም ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ሦስተኛው ክፍል በሚቀጥለው ሐሙስ ተላለፈ። አዘጋጇ ሁሉንም ተናገረች፤ ሴትየዋን ሳታስፈቅድ መቅረጿንም፣ በልጅነቷ በሩን መደብደቧንም። አለቃዋ ስሙ ስላልተነሳ ደስ አለው፤ ደስታው ግን እሷን ከፕሮግራሙ አንስቶ የአየር ሁኔታ አንባቢ ከማድረግ አላገደውም። ደብዳቤ ጎረፈ። ይቅርታ የሚጠይቁ ነበሩበት፤ አንድ ሁለቱ ለበሩ ቀለም እንገዛለን ብለዋል። የሚበዛው ግን ስሞታ ነበር። አንደኛው እንዲያውም «ሃያ ዓመት የፈራሁትን ዘፈን አበላሻችሁብኝ፤ አሁን ዝናብ ሲጥል ዝናብ ብቻ ነው» ይላል። ጉሮሮ የመጨረሻውን ስንኝ ለውጦ በአንድ ሠርግ ላይ ሞከረው፤ ታዳሚው አጉረመረመና አሮጌውን አዘፈነው። እስከ ዛሬም የሚዘፈነው አሮጌው ነው።

አሮጊቷ ክረምቱ ሲያበቃ ከልጇ ጋር ሄደች። አንድ ቀን ጠዋት፣ አዘጋጇ የቀኑን የዝናብ መጠን ለማንበብ ወደ ስቱዲዮ ስትገባ ስልክ ደወለችላት።

«ይቺ ልጅ ጉልበቴን ገደለችው!» አለች ሰላምታም ሳታስቀድም። «አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። መወጣጫው ደግሞ መያዣ የለውም። የልጅ ልጆቿ ሲንጫጩ የሚሆነውን ብታይ! ትንሹ መነጽሬን ሰበረው።»

«ታዲያ ይመለሳሉ?»

«የት ነው የምመለሰው? ምን ነካሽ? ቆይ፣ ምጣዱ ላይ የጣድኩት ሊያርብኝ ነው» ብላ ስልኩን ሳትዘጋ ሄደች። አዘጋጇ የቤቱን ጫጫታ፣ የሰሃኑን ኳኳታ፣ የአንድ ሕፃን ለቅሶ ትንሽ ሰማች። ከዚያ የስቱዲዮው የአየር ላይ መብራት ቀይ ሲሆን ስልኩን ዘግታ ማንበብ ጀመረች።